«ከወለደች አበቃላት» የሚለው ፍርድ ይሻር

በሀገራችን ስለ ሴት አትሌት ሲወራ አንድ ፍርድ ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ስታሸንፍ «የኛ ጀግና» እያልን ባንዲራ እናለብሳታለን። ስታገባ ድምፃችን ይቀንሳል። ስታረግዝ ደግሞ «በቃ፣ ከእንግዲህ አበቃላት» ብለን መዝገቧን እንዘጋለን። ይህ ቃል አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ባሉት ቡና ቤቶች ይሰማል። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወርደው መንገድ ላይ በምትገኘው ኮኪትም ይሰማል። ኮኪት ላይ ግን ፍርዱ ቀድሞ ይመጣል። ልጅቱ ገና አንድ ውድድር ሳትሮጥ፣ ገና የስፖርት መምህሯ «ይቺ ልጅ እግር አላት» ሲል፣ «ዞራ ዞራ አግብታ ለምትተወው ነገር ምን አደከማት?» ይባላል።

ይህ ፍርድ ስሕተት ነው። ማስረጃው ሁሉ በተቃራኒው ይቆማል። የሴትን የስፖርት ሕይወት የሚቆርጠው በምትወልድበት ጊዜ ዙሪያዋን የሚከብባት ነገር ነው፤ ክፍያዋን የሚቀንስ ስፖንሰር፣ ስሟን የሚሰርዝ ክለብ፣ ልጁን የሚይዝላት ሰው የሌለበት ቤት፣ ገንዘቧን የሚያዝበት ሌላ እጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስቀድሞ የፈረደባት ሰው። ልጁን ጥፋተኛ ማድረግ ለእነዚህ ሁሉ መደበቂያ ሆኗል።

ፍርዱን የሚናገሩትን ሰዎች በክፋት አልከሳቸውም። ኮኪት የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ ሀገር ናት። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ከደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ይረግፋል። የአጨዳው ሰሞን ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ወቅት ጋር ይጋጠማል። ከደጋው ለቀን ሥራ የሚወርደው ሠራተኛ እንጀራና ውሃ ይፈልጋል፤ ይህን የምታቀርበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። በዚህ ኑሮ ውስጥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለልምምድ የምታወጣው እያንዳንዱ ሰዓት ከቤተሰቡ ጉልበት ላይ የሚቀነስ ነው። አባትና እናት ይህን ሰዓት ከመስጠታቸው በፊት «ምን ያህል ዘመን ትሮጥ ይሆን?» ብለው ማስላታቸው ተገቢ ነው። ችግሩ የስሌቱ መነሻ ነው። «ወልዳ ታቆማለች» ከሚል ሐሰት የተነሣ ስሌት ትክክለኛ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

እንግዲህ መዝገቡን እንክፈተው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት፣ ከአዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትር ስታሸንፍ 20 ዓመቷ ነበር። ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሰዓቷ 31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች። በ1998 ሴት ልጅ ወለደች። በፍርዱ መሠረት ታሪኳ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። በ2000 ግን የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች፤ በዚያው ዓመት ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ ወርቋን መልሳ ያዘች። ሰዓቷ 30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ ነው። እናት የሆነችው ደራርቱ ከሃያ ዓመቷ ደራርቱ ከ48 ሰከንድ በላይ ፈጠነች። በቀጣዩ ዓመት ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ የለንደን ማራቶንንም አሸነፈች። በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ አገኘች። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ከእናትነት በኋላ ያለው የደራርቱ የሩጫ ዘመን ከዚያ በፊት ካለው ይረዝማል።

«ደራርቱ አንድ ናት» የሚል ይኖራል። እንግዲያው ወደ ራሳችን አማራ ክልል፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ወዳለችው ጫጫ እንሂድ። ጌጤ ዋሚ የተወለደችው እዚያ ነው። በ1999 ሴቪያ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፤ ሲድኒ ላይ ከደራርቱ ቀጥላ ብር ወሰደች። ከዚያ የሴት ልጅ እናት ሆነች። እናት ሆና የበርሊን ማራቶንን በ2006 አሸነፈች፤ በ2007 መስከረም 30 ደገመችው። ከዚያ በአምስት ሳምንት ብቻ ልዩነት፣ ኅዳር 4 ቀን፣ ኒው ዮርክ ላይ ተሰለፈች። ማንኛውም የማራቶን አሰልጣኝ በሁለት ማራቶን መካከል የዚህን ያህል አጭር ጊዜ አይመክርም። ጌጤ ሁለተኛ ወጣች፤ በዚህም የዓለም ታላላቅ ማራቶኖች ተከታታይ ውድድር የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሆና 500,000 ዶላር ተሸለመች። የቀደመቻት ማን ነበረች? በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ የወለደችው እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 23 ሰከንድ ነው። በዓለም ትልቁ የከተማ ማራቶን ፊት ለፊት ሆነው የተፋለሙት ሁለት እናቶች ነበሩ።

ጥሩነሽ ዲባባን እንይ። በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ስትወስድ፣ የ10,000 ሜትር ሰዓቷ 29 ደቂቃ ከ54.66 ሰከንድ ነበር። በ2015 ወንድ ልጅ ወለደች። በቀጣዩ ዓመት ሪዮ ላይ 29 ደቂቃ ከ42.56 ሰከንድ ገባች። ነሐስ ነበር፤ ይሁንና በዘመኗ ሁሉ በርቀቱ ያስመዘገበችው ምርጥ ሰዓት ይህ ነው። በዚያው ውድድር ብሩን የወሰደችው ኬንያዊቷ ቪቪያን ቼሩዮትም እናት ነበረች። ከአልማዝ አያና ጀርባ በመድረኩ ላይ የቆሙት ሁለቱም የልጅ እናቶች ናቸው ማለት ነው። ጥሩነሽ በ2017 የቺካጎ ማራቶንን አሸነፈች። መሠረት ደፋርም በ2014 ልጅ ወልዳ በ2016 በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር ብር ይዛ ተመለሰች። ከጎረቤታችን ኬንያ ፌይዝ ኪፕዬጎን በ2018 ወለደች፤ ከዚያ በኋላ ቶኪዮና ፓሪስ ላይ በ1,500 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በ2023 ደግሞ ርቀቱን ከ3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በታች የሮጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ይህ ሁሉ ከቀረበ በኋላ «እነዚህ ከሰው በላይ የሆኑ ናቸው፤ ለተራዋ ልጅ አይሠራም» የሚል ክርክር ይነሣል። ይህን ክርክር በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም ጠንካራው ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከሩጫ ወጣ ብሎ፣ ሴቶች በሙያ ደረጃ ረጅም ዘመን የቆዩበትን ሌላ ስፖርት ማየት ይጠቅማል። ይህም ጎልፍ ነው።

ኮኪት ላይ የጎልፍ ሜዳ የለም። በሀገራችን ጎልፍን የሚያውቀው አዲስ አበባ አሮጌ ኤርፖርት አካባቢ የሚኖር ጥቂት ሰው ነው። ቢሆንም የሴት ፕሮፌሽናል ጎልፈኛ የሙያ ዘመን ለክርክራችን ግልጽ ማስረጃ ይሰጣል። የአሜሪካ ሴት ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር፣ በምኅጻሩ ኤልፒጂኤ፣ የተመሠረተው በ1950 ነው። ናንሲ ሎፔዝ በ1983፣ በ1986 እና በ1991 ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደች፤ በእነዚህ ወሊዶች መካከል፣ በ1985 እና በ1989፣ ከትልልቆቹ ውድድሮች አንዱን ሁለት ጊዜ አሸነፈች። ጁሊ ኢንክስተር ሁለተኛ ልጇን በ1994 ወለደች። የአሜሪካ ሴቶች ኦፕንን በ1999 አሸነፈች፤ በ2002 ደግሞ በ42 ዓመቷ፣ የዘመኑን ኃያል አኒካ ሶረንስታምን ቀድማ፣ ደገመችው። ስኮትላንዳዊቷ ካትሪዮና ማቲው በ2009 ሁለተኛ ልጇን በወለደች በ11ኛ ሳምንቷ የብሪታንያ ሴቶች ኦፕንን አሸነፈች። ያኔ 39 ዓመቷ ነበር።

እነዚህ ሴቶች ሁሉ ከሰው በላይ ስለሆኑ ነው ወይ? አይደለም። ልዩነቱ በዙሪያቸው ባለው ሥርዓት ነው። ማኅበራቸው ከ1993 ጀምሮ ከውድድር ወደ ውድድር አብሮ የሚጓዝ የሕፃናት ማቆያ አቋቁሟል። እናቲቱ ሜዳ ላይ ሳለች ልጇ በታወቀ ሞግዚት እጅ፣ በታወቀ ቦታ ነው። ወልዳ ስትመለስም የመወዳደር መብቷ ይጠበቅላታል። ማኅበሩ የሴት ስፖርተኛን ዘመን ሲያሰላ እናትነትን ከመጀመሪያው አስገብቶ ያሰላል። እኛ ግን እናትነትን የዘመኑ መጨረሻ አድርገን ቆጠርነው። ሁለቱም ስሌቶች እንደ ስሌታቸው ውጤት አገኙ።

አሁንም «ጎልፍ ሌላ፣ ሩጫ ሌላ፤ ጎልፍ እየተራመዱ ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሩጫ ሰውነትን የበለጠ ይፈትናል። የወለደች ሴት አካል ጊዜ ይፈልጋል፤ ያላገገመችን አራስ ወደ ልምምድ የሚገፋ አሰልጣኝም ጥፋተኛ ነው። ይሁንና ከላይ የጠቀስኳቸው የደራርቱና የጥሩነሽ ሰዓቶች የተመዘገቡት በሩጫ ነው። ሰውነቱ ጊዜ ካገኘ እንደሚመለስ፣ አልፎም እንደሚሻል፣ የመሮጫ ሜዳው ራሱ መስክሯል።

ታዲያ የጠፉትስ? ወልደው ያልተመለሱ ብዙ ሴቶች እንዳሉ ማን ይክዳል? ጥያቄው ግን ያቆማቸው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለዚህ ከባሕር ማዶ የተሰማ አንድ እውነት አለ። በ2019 አሜሪካውያን ሯጮች አሊሺያ ሞንታኞና አሊሰን ፊሊክስ፣ ነፍሰ ጡር ስለሆኑ ወይም ስለወለዱ በስፖንሰር ክፍያቸው ላይ የደረሰውን በአደባባይ ተናገሩ። ፊሊክስ ስፖንሰሯ ናይኪ ከቀድሞው 70 በመቶ ዝቅ ያለ ክፍያ እንዳቀረበላት ጻፈች። በሕዝቡ ቁጣ ምክንያት ኩባንያው በዚያው ዓመት ውሉን አሻሽሎ በእርግዝናና በወሊድ ዙሪያ ለ18 ወራት ክፍያ እንደማይቀንስ አሳወቀ። ፊሊክስ በበኩሏ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ወርቅ ወሰደች። እግሮቿ ያው ነበሩ። የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

ይህ የሆነው ጠበቃና ጋዜጣ ባላቸው በዓለም የታወቁ ሴቶች ላይ ነው። በወር ደመወዝ የምትኖር፣ ውሏን አንብቦ የሚያስረዳት ሰው የሌላት፣ ከገጠር የመጣች ሯጭ ላይ የሚደርሰውን አንባቢ ራሱ ይገምት። በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ 120 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። ለጸሐፊዋና ለፋብሪካ ሠራተኛዋ የተሰጠው መብት በየክለቡ የአትሌት ውል ላይ በግልጽ ቃል መጻፍ አለበት። ሯጭ ሥራዋ ሰውነቷ ስለሆነ መብቷ ሊያንስ አይችልም፤ እንዲያውም ከ120 ቀን በላይ የማገገሚያ ጊዜ ያስፈልጋታል።

ሌላው የሚያቆማት በቤት ውስጥ ያለው ነው። ሴት ሯጭ ስታሸንፍ ገንዘብ ይመጣል፤ ገንዘብ ሲመጣ የሚያዝበት ይበዛል። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ በ2021 መስከረም ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት 10 ኪሎ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በጥቅምት በገዛ ቤቷ ተገድላ ተገኘች፤ በግድያው የተከሰሰው ባለቤቷ ነው። ይህን የማነሣው ትዳርን ለማስጠላት አይደለም። የጥሩነሽ የትዳር አጋር ስለሺ ስህን ራሱ የኦሊምፒክ ብር ባለቤት ነው፤ እሷም ከወለደች በኋላ ምርጥ ሰዓቷን ሮጣለች። የሚያቆም ትዳርም፣ የሚደግፍ ትዳርም አለ። ስለዚህ ለሯጭ ልጁ የሚያስብ አባት «ታግባ ወይስ አታግባ?» ከማለት ይልቅ «ማን ያገባታል? መቼ? ገንዘቧ በማን ስም ይቀመጣል?» ብሎ ይጠይቅ።

«መቼ» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ ኮኪት ይመልሰናል። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አግብተው ነበር፤ በአማራ ክልል ደግሞ ዕድሜው ከዚያም ዝቅ ይላል። የቤተሰብ ሕጉ ግን 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻን ይከለክላል። እንግዲህ «ከወለደች አበቃላት» የሚለው ፍርድ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል። «ነገ ማቆሟ ስለማይቀር ዛሬ ትዳሯን ትያዝ» ተብሎ ልጅቱ በ16 ዓመቷ ትዳራለች። በ17 ትወልዳለች። ሩጫዋም በርግጥ ይቆማል። ከዚያ መንደሩ «አላልናችሁም? ወለደች፣ አቆመች» ይላል። ፍርዱ ራሱን በራሱ ፈጸመ፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ያቺ ልጅ ያቆመችው ስለወለደች አይደለም። ሳትጀምር ስለተወሰደች ነው። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስትሮጥ 20 ዓመቷ ነበር፤ በ16 ዓመቷ ተድራ ቢሆን ኖሮ ባርሴሎናም፣ ሲድኒም፣ ኒው ዮርክም አይኖሩም ነበር።

«ሩጫ የደጋ ልጅ ነው፤ የቆላ ልጅ ምን አገባት?» የሚለውንም ሳልመልስ አላልፍም። ከፍታ ለረጅም ርቀት ሩጫ እንደሚጠቅም አልክድም። ከፍታው ያለው ግን እኛው ክልል ውስጥ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ችሎታዋ ኮኪት ላይ የታየ ልጅ ደጋ ወጥታ መሠልጠን ትችላለች። አጭር ርቀት፣ ዝላይና ውርወራ ደግሞ ከፍታን አይጠይቁም። ስፖርት ማለት ማራቶን ብቻ አይደለም፤ ልጅቱ የምትችለውን ለማወቅ ግን አስቀድሞ የመሞከር ዕድል ሊሰጣት ይገባል። ቆላ መወለዷ ያንን ዕድል የሚያስነፍግ ምክንያት አይደለም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ማቆም የፈለገች ታቁም። ከወለደች በኋላ ልጇን ማሳደግ ብቻ የመረጠች ሴት ምርጫዋ የተከበረ ነው፤ ማንም «ለምን አልተመለስሽም?» ሊላት አይገባም። የምቃወመው ለእሷ ሌሎች የሚወስኑላትን ነው። ምርጫ ምርጫ የሚሆነው ሁለቱም በሮች ክፍት ሲሆኑ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን እስከ 2024 መጨረሻ የመሩት ደራርቱ ቱሉ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የተመረጡት ስለሺ ስህን ናቸው። አንዷ ወልደው ወርቅ የደገሙ እናት፣ አንዱ ወልዳ ምርጥ ሰዓቷን የሮጠች እናት ባለቤት። ይህን ጉዳይ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በእያንዳንዱ የክለብ ውል ውስጥ የወሊድ አንቀጽ እንዲገባ፣ ነፍሰ ጡር አትሌት ከክለቧ ዝርዝር እንዳትሰረዝ፣ በሥልጠና ካምፖች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ፌዴሬሽኑ ደንብ ያውጣ። ክለቦች የወለደችውን አትሌት ማገገሚያ እንደ ወጪ ሳይሆን እንደ ጉዳት ሕክምና ይቁጠሩት፤ ጅማቱ የተበጠሰን ወንድ ሯጭ አንድ ዓመት የሚጠብቅ ክለብ የወለደችን ሴት መጠበቅ አይከብደውም። የስፖርት ጋዜጠኞች «ከወሊድ በኋላ ትመለስ ይሆን?» የሚለውን የጥርጣሬ ጥያቄ ትተው «ለመመለስ ምን ተመቻቸላት?» ብለው ክለቡን ይጠይቁ።

ለኮኪት አባቶችና እናቶች፣ በተለይም ለአንቺ ለእናቲቱ፣ ደግሞ ይህን እላለሁ። መምህሩ «ልጅሽ እግር አላት» ሲልሽ፣ የሠርጓን ቀን ከማሰብሽ በፊት የጫጫዋን ጌጤንና የበቆጂዋን ደራርቱን አስቢ። ሁለቱም እንደ ልጅሽ የገጠር ልጆች ነበሩ። ሁለቱም ወለዱ፤ ሁለቱም ከወለዱ በኋላ ዓለምን ቀደሙ። ልጅሽ 18 ዓመት ሳይሞላት አትዳሪያት፤ ሕጉም ይከለክላል። በሰሊጡ ሰሞን የልምምድ ሰዓቷን አትውሰጂባት። ነገ እናት ብትሆን ልጇን ያዢላት እንጂ ጫማዋን አትስቀዪባት።

«ከወለደች አበቃላት» የሚለው ቃል በሀገሪቱ ምርጥ ሴቶች ሰዓትና ሜዳልያ ውድቅ ተደርጓል። ከእንግዲህ ይህን የሚናገር ሰው ማስረጃ ያቅርብ፤ ካላቀረበ ዝም ይበል።